በአማርኛ ጠይቃችሁን መልሱን በእንግሊዝኛ ለጻፋችሁ፦ ለወንጀል ተመራማሪዎች የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ወንጀልንና ፍትሕን ለምታጠኑ መምህራን፣ ተመራማሪዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች

ግልባጭ፦ ለፖሊስ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች፣ ለሬዲዮ አዘጋጆች፣ ለየሰፈሩ ዕድሮች

ጉዳዩ፦ ስለ እኛ የተጠናውን ለእኛም እንድትነግሩን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ምሁራን፣

በቅድሚያ ማንነቴን ላስተዋውቅ። በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት 27 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ፤ ደመወዝ የሌለው፣ ወቀሳ ግን በየወሩ የሚከፈልበት ሥራ ነው። ወንጀልን የማውቀው ከመዝገብ ጀርባና ከቤቴ በራፍ ሆኜ ነው እንጂ እንደ እናንተ ተምሬው አይደለም። ከዚህ በታች ባጠፋ አርሙኝ፤ ግን በአማርኛ አርሙኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጎረቤቴ ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የሚሆን መጠይቅ ይዛ በየቤታችን ዞረች። «ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ» አለችኝ፤ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብን። «በምሽት ብቻዎን በሰፈርዎ ሲሄዱ ምን ያህል ደኅንነት ይሰማዎታል?» ይላል አንዱ ጥያቄ። ከዚያ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ለመወሰን እቸገራለሁ» እያለ ይወርዳል። ከእኛ ጀርባ እንጀራ የምትሸጠው ሴትዮ ፊደል ስላልቆጠረች ልጅቷ እያነበበችላት፣ እሷ ምጣዱን እያሰሰች መለሰች። መሀል ላይ ባለፈው ክረምት የተነጠቀችው የአንገት ሐብል ትዝ አላትና እንባዋ መጣ፤ እሱን ስትጠርግ አንድ እንጀራ አረረ። ለዚያ ጥናት ከሰፈራችን የወጣ ወጪ ብዬ የምመዘግበው ያንን እንጀራ ነው።

ዓመት ተኩል አለፈ። ቡና ተጠርቼ ቤታቸው ስገባ ሥራዋ ቡፌው ላይ ከምርቃት ፎቶዋ አጠገብ ተቀምጧል። ጥቁር ጠንካራ ልባስ፣ የወርቅ ቀለም ጽሑፍ። አነሣሁት። ከመቶ ገጽ በላይ እንግሊዝኛ ነው። መዝገብ ቤት የዋለ ሰው እንግሊዝኛ ጨርሶ አያስደነግጠውም፤ ይሄኛው ግን ሌላ እንግሊዝኛ ነበር። እያገላበጥሁ መጨረሻው ላይ ስደርስ ድንገት አማርኛ አገኘሁ። «አባሪ» ይላል። እኛ የሞላነው መጠይቅ ነው! ከዚያ ሁሉ ገጽ እኔና እንጀራ ሻጯ የምንረዳው ራሳችን የተጠየቅነውን ጥያቄ ብቻ ሆነ።

ልጅቷን አልወቅሳትም። «ጋሼ፣ በአማርኛ ብጽፈው ማን ይቀበለኛል?» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ይህ ደብዳቤ ለእሷ ሳይሆን ደንቡን ላወጣችሁት ነው።

ብዙ ሰው ክሪሚኖሎጂ ሲባል የጣት አሻራና ደም የነካው ቢላ ነው የሚመጣለት። «ሥነ ወንጀል» ብለው የተረጎሙትም አሉ፤ እኔ ስሰማው ወንጀል በሥነ ሥርዓት እንዴት እንደሚፈጸም የሚያስተምር ይመስለኛል። እኔ እንደገባኝ ግን ትምህርቱ ገዳዩ ማነው ብሎ አያሳድድም። ወንጀል ለምን እዚህ በዝቶ እዚያ አነሰ፣ ማን ይጀምረዋል፣ ማን ይተወዋል፣ የትኛው ቅጣት ሠራ፣ የትኛው ከሸፈ ብሎ ይቆጥራል። ይህ ደግሞ በየወሩ የዕድራችን አጀንዳ ነው። ልዩነቱ እናንተ ቆጥራችሁ ትናገራላችሁ፣ እኛ ሳንቆጥር እንወስናለን።

እንዴት እንደምንወስን ልንገራችሁ። በሰፈራችን የሞባይል ነጠቃና የስፖኪዮ ስርቆት የበዛበት ጊዜ ነበር። ስብሰባ ጠራን። ጥሩምባ ነፊያችን ለሐዘን ካልሆነ ተነፍቶ ስለማያውቅ ሰው ማን ሞተ እያለ ተደናግጦ መጣ፤ ተሰብሳቢው እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም። አንዱ የመንገዱን መግቢያ በብረት በር እንዝጋ አለ። ሌላው ሦስት ዘበኛ እንቅጠር፣ በነፍስ ወከፍ እናዋጣ አለ። አንድ ወጣት አንዱን እጅ ከፍንጅ ይዞ መቀጥቀጥ ነው፣ ሌላው አይቶ ይማራል አለ፤ ተጨበጨበለት። የዕድሩ አንጋፋ አባት ደግሞ ተነሥተው አውጫጭኝ ይደረግ አሉ። ልጅ ሆነው አይተዋል፤ አገሬው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ሌባው እስኪነገር ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ሌባ ሻይ የሚባለውን፣ ብላቴናው መድኃኒት ጠጥቶ ሌባው ደጃፍ ሄዶ የሚወድቅበትንም ከአባታቸው ሰምተዋል። ስንስቅባቸው ተቆጡ። «እናንተስ አሁን የምትሉት ከዚያ በምን ተሻለ? እሱም ግምት፣ ይሄም ግምት» አሉ። እውነታቸውን ነበር።

ያን ጊዜ ያቺ ልጅ እጇን አወጣች። ከባንክ የተሰጠ የግድግዳ ካላንደር ገለበጠችና ጀርባው ላይ የሰፈራችንን መንገዶች በእስክሪብቶ ነደፈች። ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ሽምብራ ቆሎ አንድ እፍኝ ወሰደች። «ባለፈው ዓመት የተነጠቀ፣ የተሰረቀበት ሰው ሁሉ ይምጣና ቦታው ላይ አንድ አንድ ሽምብራ ያስቀምጥ» አለች። አዛውንቱም ወጣቱም እየተነሣ አስቀመጠ። ሰው ሁሉ ሲጨርስ አየነው። ሰፈሩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ሽምብራው ሁሉ አንድ ኩርባ ላይ ተከምሯል። ለዓመታት በቆርቆሮ ታጥሮ የተቀመጠው ባዶ ቦታ ጥግ፣ የመንገድ መብራቱ የጠፋበት፣ ከታክሲ ወርደን የምናቋርጥበት መታጠፊያ ነው። (አንድ ሕፃን መሀል ገብቶ ከመረጃው ሁለቱን በላ። ጥናታችን ላይ ጉድለት ካለ እሱ ነው።)

ዝም አልን። ሦስት ዘበኛ ቀጥረን ሌሊቱን ሙሉ ሰፈሩን ሊያዞሩልን ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የነገረችን። ሎውረንስ ሸርማን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ወደ ፖሊስ የተደወሉትን ጥሪዎች ከየአድራሻው ጋር አገናኝተው ቆጠሩ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲያወጡ ከከተማዋ አድራሻዎች 3 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ብቻ የጥሪውን ግማሽ ይዘው ተገኙ። ከተማው አደገኛ አይደለም፤ ኩርባው ነው አደገኛ። ከእሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1973 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ 15 የቅኝት ቀጣናዎችን ለሦስት ከፍለው ሞክረዋል። በአምስቱ የፖሊስ ቅኝት ቀረና ሲደወል ብቻ ተሄደ፣ በአምስቱ እንደነበረ ቀጠለ፣ በአምስቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆነ። በወንጀሉ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም፤ ነዋሪውም ለውጡን ልብ አላለውም። ፖሊስን እንደ ጨው በትኖ ማዳረስ አልሠራም ማለት ነው። ሸርማንና ዴቪድ ዋይዝበርድ ደግሞ ተቃራኒውን ሞከሩ። በሚኒያፖሊስ 110 ክፉ ቦታዎችን ለይተው በዕጣ ለሁለት ከፈሉና ለአንደኛው ወገን ብቻ ቅኝቱን አበዙለት። እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ውጤት የጥሪው ቁጥር እዚያ ከ6 እስከ 13 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በኋላ የተቆጠረው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ፖሊስ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆሞ ቢሄድ እሱ ከሄደም በኋላ ጸጥታው ይቆያል፤ ከዚያ በላይ መቆሙ ግን ብዙም አይጨምርም።

እዚህ ላይ እንጀራ ሻጯ ተነሣች። «ታዲያ ከእኛ ቢባረር ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሊዘርፍ አይደል እንዴ? ሌባን ለጎረቤት ማስተላለፍ ኃጢአት አይሆንም?» አለች።

ምሁራኖች ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ያዙልኝ። እናንተ ብዙ ወረቀት የጻፋችሁበትን ክርክር ፊደል ያልቆጠረች ሴት በአንድ ትንፋሽ ጠየቀችው። ልጅቷም በእውነት መለሰች። ዋይዝበርድና ባልደረቦቹ ይህንኑ ሊያዩ ጀርሲ ሲቲ ውስጥ ሞክረው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ወንጀሉ ጥጉን ዞሮ አልሄደም፤ እንዲያውም አጠገቡ ያለውም ቦታ ተጠቀመ። በኮሎምቢያ ቦጎታ 1,919 የመንገድ ክፍሎችን ይዞ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሰፊ ሙከራ ግን ሌላ ነገር አሳየ፤ በተለይ ስርቆቱ ወደ አጎራባች መንገዶች የሸሸ ይመስላል። ስለዚህ መልሱ «አንዳንዴ ይሸሻል፣ አንዳንዴ አይሸሽም፤ እንደ ወንጀሉ ዓይነትና እንደ ቦታው ነው» ሆነ። ሰዎቻችን ይህን ሲሰሙ ተናደዱ ወይም አዳራሹን ጥለው ወጡ ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። አልወጡም። ከማዶ ያለው ዕድር ይጠራና አብረን እንነጋገር ተባለ። «ሕዝቡ አወዛጋቢ ውጤት አይገባውም» የምትሉትን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቀበላችሁም።

መብራት እንስቀል ወደሚለው ሐሳብ የሄድነውም በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒው ዮርክ ውስጥ በዕጣ የተመረጡ የመንግሥት መኖሪያ ግቢዎች ላይ ተንቀሳቃሽ የመብራት ማማዎች ተተክለው ነበር። በሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸመው ከባድ ወንጀል በ36 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ፊላደልፊያ ደግሞ የተተዉ ባዶ ቦታዎች ተጠርገው፣ ሣር ተተክሎባቸው፣ ዝቅ ያለ አጥር ሲሠራላቸው በድሃ ሰፈሮች የጦር መሣሪያ ጥቃት በ29 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል፤ 541 ቦታዎች ናቸው በዕጣ ተደልድለው የተሞከሩት። ሦስት ዘበኛ ከመቅጠር ሁለት አምፖል መስቀል ይረክሳል። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ፊቱ ሲፈካ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። መዝገብ ቤት ሳለሁ እጄ ላይ ካለፉት ቃላት ሁሉ የበዛው «መቀጣጫ» ነው። «ለሌሎች መቀጣጫ ይሆን ዘንድ» ይላል አቃቤ ሕጉ፤ ቅጣቱ ይከብዳል፤ እኔ መዝገቡን ዘግቼ መደርደሪያ ላይ አኖራለሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንኑ ስም በአዲስ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ከመደርደሪያው አንዱን ጎን «ደጋጋሚዎች» እንለው ነበር፤ አቧራ የማይይዘው እሱ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ለምን ብዬ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ዳንኤል ናጊን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምገማ ሰውን ከወንጀል ይበልጥ የሚገታው የመያዙ እርግጠኝነት እንጂ የቅጣቱ ርዝመት አይደለም ማለቱን የሰማሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። የሚገርመው ጣሊያናዊው ቄሳሬ ቤካሪያ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1764 ጽፎታል። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት! ከሚላን መዝገብ ቤቴ ድረስ ለመምጣት በእግሩም ቢሄድ ይደርስ ነበር።

የወንጀል ሕጋችን የመጀመሪያ አንቀጽ ራሱ ዓላማውን ሲናገር መጀመሪያ ያስቀመጠው መቅጣትን አይደለም። ስለ ወንጀሎቹና ስለ ቅጣታቸው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ በመስጠት ወንጀል እንዳይፈጸም ማድረግን ነው፤ መቅጣት የሚመጣው ማስጠንቀቂያው ሳይበቃ ሲቀር ነው። ሕጉ ሲወጣም በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ ነው የሚታወጀው። ነጋሪት ማለት ያው ከበሮው ነው፤ አዋጁ ተጎሽሞ እንዲሰማ። ሕጉ በከበሮ ሲነገር ሕጉ መሥራት አለመሥራቱን የሚያሳየው ጥናት በሹክሹክታ፣ ያውም በሰው ቋንቋ።

ፍርድ ቤት ስለሠራሁ ብዙ እናቶች ይመጡብኛል። አንዷ ልጇ ትምህርት እየዘለለ ከመጥፎ ጓደኛ ጋር ገጥሞባት «እባክዎ በሚያውቁት ሰው ማረሚያ ቤት አስገብተው ያሳዩልኝ፤ እስረኞቹ ያስፈራሩልኝ፣ ይለቅቀዋል» አለችኝ። ከልቤ ልረዳት ተነሥቼ ነበር፤ ሁለት ስልክ ደውያለሁ። ይህ ነገር በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ በተለይ በኒው ጀርሲው ራህዌይ ማረሚያ ቤት፣ በስፋት የተሠራበት ዘዴ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። አንቶኒ ፔትሮሲኖና ባልደረቦቹ በዕጣ የተደረጉ ዘጠኝ ሙከራዎችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ማረሚያ ቤት ተወስደው እንዲፈሩ የተደረጉት ልጆች ካልተወሰዱት ይልቅ ወደ ወንጀል የመግባት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። አልጠቀመም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ጎዳ። እኔ በደግነት ያንን ልጅ ልጎዳው ነበር። እናትየውን ጠርቼ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አለ ከተባለ ቅርባችን ላይቤሪያ ነው ያለው። ክሪስቶፈር ብላትማን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሞንሮቪያ ውስጥ በስርቆትና በጠብ የሚኖሩ 999 ወንዶችን ይዘው ሞከሩ። ለአንዳንዶቹ ለስምንት ሳምንት በቡድን ምክርና ልምምድ ሰጡ፤ ቁጣ ሲመጣ ቆም ማለትን፣ ነገን ማሰብን፣ እንደ ሥርዓት ያለው ሰው ለብሶና ተላጭቶ ሱቅ መግባትን ሁሉ። ለአንዳንዶቹ 200 ዶላር ብቻ፣ ለአንዳንዶቹ ሁለቱንም፣ ለቀሩት ምንም። እንግዲህ የእኛ ሰው ወዲያው የሚለውን አውቃለሁ፤ «ለሌባ ብር? ጠጥቶ ይጨርሰዋል!» በጭራሽ እንደተፈራው አላባከኑትም። ምክሩን ብቻ ያገኙት ተሻሽለው ቀስ በቀስ ደበዘዘባቸው። ምክሩንም ብሩንም ያገኙት ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ተፈልገው ሲጠየቁ ስርቆትና መሰል ጥፋታቸው ምንም ካላገኙት በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። ይህን በዕድር ስብሰባ ሳነብ፣ አንዱን ይዞ መቀጥቀጥ ነው ያለው ወጣት አንገቱን አቀርቅሮ ሰማ። በኋላ ብቻዬን አግኝቶኝ «ጋሼ፣ ያ ምክር የሚሰጥበት ቦታ እኛ አገር አለ?» አለኝ። ለማን እንደጠየቀ አልጠየቅሁትም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አሁን በአማርኛ ጻፍሁት። አንድ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በአንዲት ልጅ እርዳታ መጻፍ ከቻለ እናንተ እንዴት አቃታችሁ?

አማርኛ የሙያ ቃል ያንሰዋል ትሉኛላችሁ። ሲጀመር ይህ ቋንቋ በላ ልበልሃ ብሎ በግጥም ሲሟገት የኖረ ቋንቋ ነው። ደጋጋሚ ወንጀለኛ፣ አመክሮ፣ እጅ ከፍንጅ፣ ግብረ አበር የሚሉትን ቃላት እኔ በየቀኑ ስጽፋቸው ኖሬያለሁ፤ ሰውም ይገባዋል። የሌለው ቃል ደግሞ ሲወራ ይወለዳል። በእኛ ሰፈር እናንተ «ሆት ስፖት» የምትሉት፣ ወንጀል የሚከማችበት ቦታ ዛሬ «ሽምብራ» ነው የሚባለው። «በዚያ በኩል አትሂጂ፣ ሽምብራ ነው» ትላለች እናት ልጇን። አካዳሚ ሳያውቀው መዝገበ ቃላት ገብቷል።

ጽሑፉ ራሱ በክፍያ የተቆለፈ ነው ትሉም ይሆናል። ይህ እውነት ነው፤ አንዱን ጽሑፍ ለማንበብ ከ30 ዶላር በላይ ሲጠየቅ ልጅቷ አሳይታኛለች። የወር ጡረታዬን ግማሽ ያህል ከፍዬ ስለ ሌባ ማንበብ ማለት ራሱ አንድ ዓይነት ነጠቃ ነው። ግን መንገድ የከፈቱ አሉ። ስኮት ዣክ የሚባል የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር እ.ኤ.አ. በ2020 ክሪምአርካይቭ የሚባል፣ የወንጀል ጥናቶች በነፃ የሚቀመጡበት ቤት አቋቁሟል። ካምቤል ኮላቦሬሽን የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ጥናቶችን ሰብስቦ እየመዘነ በነፃ ያወጣል፤ ለአንዳንዶቹም ተራ ሰው የሚረዳው አጭር ማጠቃለያ ይጽፍላቸዋል። በእንግሊዝ የፖሊስ ኮሌጁ የትኛው ዘዴ ወንጀልን እንደቀነሰ፣ የትኛው እንዳባባሰ፣ ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ በምልክት ጭምር የሚያሳይ ሰሌዳ አለው። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ አሠራሩ ግን አይከለከልም።

የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ማንም የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስለ ወንጀል የሠራውን ጥናት ሲያቀርብ ሁለት ገጽ አማርኛ አብሮ ያስገባ፤ ኦሮምኛ በሚነገርበት ሰፈር ያጠና በኦሮምኛ፣ ትግርኛ በሚነገርበት በትግርኛ፤ መጠይቁ በምን ቋንቋ ተጠየቀ፣ መልሱም በዚያው። ፈተናው ላይም ከመምህራኑ አንዱ ይህን ሁለት ገጽ አንብቦ የማይገባውን ይጠይቅ፤ ከተቻለ ደግሞ ከሰፈሩ አንድ ሰው ይጠራና እሱ ይጠይቅ። ሁለቱ ገጽ ምን እንደተገኘ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳልተገኘም ይናገር። ሚኒያፖሊስ የሠራ ነገር መርካቶ ይሠራል ማለት እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን፤ እንዳትሸፋፍኑብን ነው። ከዚያ ጥናቱ የተሠራበት ሰፈር መጥታችሁ አንብቡልን። ያነበባችሁትን ለሬዲዮ ስጡ። ስለ ወንጀል የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሲጀምሩ አስፈሪ ሙዚቃ፣ ሲጨርሱ የተያዘው ሰው ኑዛዜ ነው፤ መሀል ላይ አምስት ደቂቃ ለቁጥር ቢተዉ ማንም ጣቢያ አይቀይርም።

አንድ ሥጋት አለኝ፣ አልደብቅም። ሽምብራው የት እንደበዛ በአደባባይ ሲነገር የዚያ ሰፈር ስም ይጠፋል፣ ልጆቹ ሥራ ሲያመለክቱ አድራሻቸውን ይደብቃሉ። (የቤት ኪራይ ይቀንስልን ነበር ያለም ጎረቤት አለኝ።) ኩርባውን ለሰፈሩ ሰው ንገሩ፣ ለአገር በሙሉ ግን ውጤቱን እንጂ ስሙን አታውጡ። ይህን ከእኔ የተሻለ የምታስቡበት ይመስለኛል።

ስለ ቁጥር ካነሣሁ ለፖሊስ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎችም አንድ ቃል ልበል። በየዓመቱ ወንጀል በዚህን ያህል በመቶ ቀነሰ ትሉናላችሁ። እኔ በግሌ ሁለት ጊዜ ሞባይል ተነጥቄያለሁ፤ ጣቢያ ሄጄ ያመለከትሁት ግን አንዴ ብቻ ነው። ለምን? በሁለተኛው መታወቂያዬ አብሮ ስለሄደና አዲስ ለማውጣት የፖሊስ ማስረጃ ስለተጠየቅሁ ነው። እንደ እኔ ያለው ብዙ ነው። እንግዲህ መዝገባችሁ ላይ ያለው ቁጥር የተነጠቀውን ሰው ይቆጥራል ወይስ መታወቂያ የጠፋበትን? አጥኚዎች ይህን ያልተመዘገበውን «ጨለማው ቁጥር» ይሉታል፤ ጥሩ ስም ነው። አንዳንዴም ሰው ፖሊስን ይበልጥ ማመን ሲጀምር ማመልከቻው ይበዛና ወንጀል የጨመረ ይመስላል። ይህን አንድ አረፍተ ነገር ከሪፖርታችሁ ጋር ብታነቡልን የምናምናችሁ ይበልጥ እንጂ ያነሰ አይሆንም።

በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ አዲስ አበባ ውስጥ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ሲገደብ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ በሞተር የሚፈጸም ነጠቃ ነበር። ሻይ ቤት ውስጥ እስካሁን ስንከራከርበት እንውላለን። አንዱ በሞተሩ ጊዜ የሆነውን እያነሣ አሁን ይሻላል ይላል፣ ሌላው ነጣቂው ወደ መኪና ተሸጋገረ እንጂ አልቀነሰም ይላል፣ ሦስተኛው በዚያ ሥራ ይተዳደር የነበረ የእህቱን ልጅ ያነሣል። ጠረጴዛችን ላይ ግን አንድም ገጽ የለም። እንዲህ ያለ ውሳኔ በተወሰነ ቁጥር በፊትና በኋላ ቆጥሮ፣ ሌላ ከተማ ጋር አነጻጽሮ የሚያሳየን ሁለት ገጽ ቢኖረን ሻዩም ሳይቀዘቅዝ እንጠጣው ነበር።

ስለ አምፖሎቹ መጨረሻ ልንገራችሁ፣ ሳትጠይቁኝ አትቀሩምና። ሰቀልናቸው። አንደኛው በሦስተኛው ሳምንት ተሰረቀ፤ በሽቦ መረብ ሸፍነን መልሰን ሰቀልን። ከዚያ ወዲህ ኩርባው ላይ የተነጠቀ ሰው ከስንት አንዴ ነው የምንሰማው። ለስብሰባው «ጥናቱ ሠራ!» ብዬ ላውጅ ተነሥቼ ሳለ ልጅቷ እጄን ያዘችኝ። «ጋሼ፣ መብራቱ የተሰቀለው መቼ ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። «ባዶው ቦታ ላይ ግንባታ ተጀምሮ ሌሊት የሚያድር ዘበኛ የተቀጠረውስ?» አለች። በዚያው ወር ነው። ተቀመጥሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍሁት «በኩርባው ላይ ነጠቃ ቀንሷል፤ ምክንያቱ በመብራቱ ይሁን በዘበኛው አልተለየም» የሚል ነው። 27 ዓመት ስጽፍ ኖሬ እንደዚያ አረፍተ ነገር የኮራሁበት የለም።

ግንባታው ሲያልቅ ዘበኛው ይሄዳል፤ ያን ጊዜ መቁጠር እንፈልጋለን። ከእናንተ መካከል እንዴት እንደሚቆጠር የሚያሳየን ካለ ስብሰባችን በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ወንበር አለ፣ ቡና ይፈላል፣ ካላንደሩ ግድግዳው ላይ ተገልብጦ ተሰቅሏል። ሽምብራውን እኛ እናቀርባለን፤ ሕፃኑን ግን በር ላይ እናስቀረዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የአንድ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ
አዲስ አበባ